ባሕር ዳርን በአንድ ቀን በወጉ ለመዞር፦ ከዝጌ ገዳማት እስከ ጊዮርጊስ፣ ገበያውና ቤዛዊት

«ለስብሰባ መጥቼ አንድ ቀን ተርፎኛል፣ ምን ልይ?» «ከውጭ የመጡ ዘመዶች ይዣለሁ፣ የት ልውሰዳቸው?» እነዚህ ጥያቄዎች በየጊዜው ይደርሱናል። የቦታዎቹን ስም ማንም የባጃጅ ሾፌር ይነግራችኋል። ሰው የሚቸገረው በቅደም ተከተሉ ነው። ሐይቁ የራሱ ሰዓት አለው፣ ቤተክርስቲያኑም የራሱ፣ ገበያውም የራሱ። ጠዋት ከተማ ውስጥ ሲንሸራሸር አርፍዶ ከሰዓት ጀልባ የተሳፈረ ሰው ማዕበሉ ልብሱን አርሶት ይመለሳል። በጾም ወቅት እኩለ ቀን ላይ ጊዮርጊስ የሄደ ደግሞ ቅዳሴ መሐል ይደርስና ከደጀ ሰላሙ አያልፍም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሦስቱን ሰዓቶች ለማስማማት የተሠራ ነው። ሰዓቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ከውጭ ለመጡ እንግዶች ግን ስልካቸው የሚያሳየውን ሰዓት ጭምር ንገሯቸው። «ጠዋት አንድ ሰዓት» ሲባሉ ምሳ ሰዓት ላይ የሚመጡ አሉ።

የሚያዝ ዕቃ

- ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጠላ። ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍኑበታል፣ ወንዶችም መስቀለኛ ያጣፉታል። ቁምጣና እጅጌ የሌለው ልብስ ገዳም በር ላይ ያስመልሳል።
- ቶሎ የሚወልቅና ቶሎ የሚጠለቅ ጫማ። በቀኑ ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ ታወልቁታላችሁ። ባለ ረጅም ክር ቡትስ እናንተንም ከኋላችሁ ያለውንም ያሰለቻል።
- ወፍራም ካልሲ። የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ወለል በሰሌንና በድርቆሽ የተነጠፈ ነው፣ ቁንጫ ይኖራል።
- ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ። ሐይቁ ላይ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐዩ አይታወቅም፤ የሚያቃጥለው ግን እሱ ነው። ባርኔጣም ያዙ።
- ቀጭን ጃኬት። ጠዋት በጀልባ ላይ ይበርዳል።
- ሁለት ወፍራም ፌስታል፣ አንዱ ለስልክና ለካሜራ፣ አንዱ ለጫማ።
- ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ዝርዝር። የገዳም መግቢያ፣ የጫማ ጠባቂ፣ የባጃጅና የአዝማሪ ሽልማት ሁሉ በጥሬ ብር ነው፤ ገዳሙ ላይ 200 ብር የሚመነዝርላችሁ አታገኙም።
- መታወቂያ፣ አነስተኛ የእጅ ባትሪ፣ ለምሽት የትንኝ መከላከያ ቅባት።

1. ቀኑን ምረጡ

ከተቻለ ቅዳሜ ይሁን። ትልቁ የገበያ ቀን እሱ ነው፤ በሌላው ቀን ሱቆቹ ክፍት ቢሆኑም ከገጠር የሚመጣው ሰፌድ፣ ቅመምና ጌሾ ያን ያህል አይወጣም። ቅዳሜ ሌላም ጥቅም አለው፦ በጾም ወራት እንኳ ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጊዮርጊስን ያለ ችግር ማየት ይቻላል።

ከዚያ የወሩን ቀን ተመልከቱ። 16 የኪዳነ ምሕረት፣ 21 የማርያም፣ 23 የጊዮርጊስ ነው። ማኅሌትና የሕዝቡን አከባበር ማየት ከፈለጋችሁ እነዚህን ቀኖች ምረጡ፤ የካቲት 16 እና ሚያዝያ 23 ደግሞ ዓመታዊ ናቸው። ሥዕል በጸጥታ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ሽሹአቸው። ሕዝቡ ቅኔ ማኅሌቱን ሞልቶ ሳለ ግድግዳ ለማየት መጋፋት ነውር ነው፣ አይፈቀድላችሁምም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ገዳማቱ ያሉበት ወደ ሐይቁ የገባው የዝጌ ልሳነ ምድር መንገድም ይደርቃል። በክረምት የጫካው መንገድ ያንሸራትታል፤ ዱላ ያስፈልጋል። ዝናቡ እንደ ወጣ ባሉት ወራት ወባ ስለሚበዛ ምሽት ላይ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ አጎበር ያለው አልጋ ያዙ።

2. ጀልባውን ከዋዜማው ተዋዋሉ

ይህን ለጠዋት አታስቀሩት። ጠዋት ወደብ ላይ ስትቆሙ መቸኮላችሁ ፊታችሁ ላይ ይነበባል፣ ዋጋውም እንደዚያው ይሆናል። ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱና በማኅበር የተደራጁትን የጀልባ ባለቤቶች አነጋግሩ፤ ሆቴላችሁም ያገናኛችኋል። በየመንገዱ «ጀልባ አለኝ» የሚል ደላላ ካገኛችሁ ሳትከፍሉ ጀልባውንና ነጂውን ማየት እንደምትፈልጉ ንገሩት።

ዋጋው የሚነገረው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ስለዚህ አምስት ሆኖ መሄድ ለሁለት ከመሄድ በነፍስ ወከፍ ይረክሳል። ስትዋዋሉ አምስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፦ የሰው ብዛት፣ የምትወርዱባቸው ቦታዎች፣ የመጠበቂያ ሰዓት፣ የነዳጁ ጉዳይ፣ የአስጎብኚው ጉዳይ። ለምሳሌ፦

«ወንድም፣ አምስት ነን። ዝጌ ላይ አዝዋና ውራ ገዳማትን እናያለን፣ ስንመለስ ደብረ ማርያምና የዓባይ መውጫ። ዝጌ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ትጠብቀናለህ። ነዳጁ በአንተ ነው። ያለ አስጎብኚ ለሁሉም ስንት?»

እያንዳንዱን የምንዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። «ዝጌ» ብቻ ብላችሁ ከተዋዋላችሁ፣ ደብረ ማርያም ላይ መቆም አዲስ ዋጋ ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ መሐል ሐይቅ ላይ ስለሆናችሁ የመከራከር አቅም የላችሁም። የገዳማቱ መግቢያ በጀልባው ዋጋ ውስጥ አይገባም፣ ለየብቻው ይከፈላል፣ ደረሰኝም አለው። ቀብድ ከሰጣችሁ ከግማሽ አይብለጥ፤ ቀሪውን ስትመለሱ ክፈሉ።

ጀልባውን ስታዩ የሕይወት አድን ጃኬቱን ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መሆን አለበት፣ ማሰሪያውም የሚሠራ። ከመቀመጫ ሥር ታጭቆ የተቀመጠ ጃኬት አደጋ ሲመጣ ማንም አያወጣውም፤ ከመነሳታችሁ በፊት ልበሱት። ጣሪያ ያለው ጀልባ ከሌለው ይመረጣል፣ በተለይ ልጅና አዛውንት ካለ።

ገንዘብ ለመቆጠብ ወደ ዝጌ ጠዋት የሚነሳ የሕዝብ ጀልባ አለ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ችግሩ የመመለሻው ሰዓት በእናንተ እጅ አለመሆኑ ነው፤ የአንድ ቀን እንግዳ ባይሞክረው እንመክራለን።

3. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ

ጣና ጠዋት ይተኛል። ፀሐይ እየበረታ ሲሄድ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ ከቀትር በኋላም ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሳል። ሐይቁ ለስፋቱ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይርቅም። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያንገጫግጫል። 1 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ዝጌ 2 ሰዓት አካባቢ ትደርሳላችሁ፣ ነፋሱ ሳይጀምርም ትመለሳላችሁ። እንቅልፍ ይዞን 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን ካላችሁ ዝጌን ተዉትና ደብረ ማርያምን ብቻ እዩ፤ እሱ ቅርብ ነው።

በጉዞው ላይ ታንኳ ስታገኙ ነጂው ሞተሩን ቀነስ እንዲያደርግ ጠይቁት። የፈጣን ጀልባ ሞገድ በደንገል ታንኳ ላይ እንጨት ጭኖ የሚቀዝፈውን ሰው ሊገለብጥ ይችላል። በዚያውም ታንኳውን በደንብ ታዩታላችሁ፦ የደረቀ ደንገል በጥቅል በጥቅል ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ ተቀማጩ ከውሃው ጥቂት ጣት ብቻ ከፍ ብሎ። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ሐይቁ ዳር ቆመው የምታዩአቸው ታንኳዎች ያልተጣሉ፣ እየደረቁ ያሉ ናቸው።

*ማስጠንቀቂያ፦* እግራችሁን ውሃው ውስጥ አትንከሩ፣ ዳር ላይም አትዋኙ። ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ቀንድ አውጣ አለ፣ ከቀንድ አውጣው ጋር ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ «አልጠጣሁትም» ማለት አያድንም።

4. ዝጌ ላይ ስትወርዱ

መጀመሪያ አዝዋ ማርያም ግቡ። ከመውረጃው ቅርብ ስለሆነ ሰውነታችሁን ሳታደክሙ ዓይናችሁን ታለማምዳላችሁ። ከዚያ በቡና ጫካው ውስጥ ባለው መንገድ ወደ ውራ ኪዳነ ምሕረት ውጡ፣ በመደበኛ እርምጃ 20 ደቂቃ ያህል ነው። መንገዱ ዳገት አለው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ግራና ቀኝ መስቀል፣ ትንንሽ ታንኳና የብራና ሥዕል የሚሸጡ አሉ። ሲወጡ አትግዙ፤ «ስመለስ» በሉ። ይህ ማባበያ እንዳይሆን ግን ስትመለሱ ቃላችሁን ጠብቁ፣ ሻጮቹ ፊታችሁን አይረሱም። ጥሬ የዝጌ ቡና እዚህ መግዛት ከከተማ ይሻላል። ፍሬውን በመዳፋችሁ ይዛችሁ አሽትቱ፤ የሻጋታ ሽታ ካለው በደንብ አልደረቀም ማለት ነው፣ ቤት እስኪደርስ ይበላሻል።

ሴቶች ካላችሁ ገዳሙን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። አዝዋ፣ ውራና ደብረ ማርያም ሁሉንም ያስገባሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለወንድ ብቻ ናቸው። የክብራን ጎረቤት የሆነው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችን ስለሚቀበል፣ ክብራን መሄድ የግድ ከሆነባችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ተዋዋሉ፣ ሴቶቹ ጀልባ ላይ ተቀምጠው እንዳይጠብቁ።

5. ሥዕሎቹን ማየት

ቀኑ ውስጥ ረጅም ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ዞሮ ፎቶ አንስቶ በ10 ደቂቃ ይወጣል፤ ከዚያ «ሁሉም ገዳም አንድ ዓይነት ነው» ይላል። ለውራ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያዙ።

ሀ) ስትደርሱ አባቶችን ሰላም በሉ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ጫማችሁን አውልቁ። «አባታችን፣ ሥዕሉን ለማየት ነው፤ በሩን ይክፈቱልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ወሳኝ ነው። ትልልቆቹ የእንጨት በሮች ካልተከፈቱ ወደ መቅደሱ ግድግዳ ብርሃን አይደርስም፣ በጨለማ ዞራችሁ ትወጣላችሁ። መጋረጃዎቹም ሥዕሉን ከፀሐይ ለመጠበቅ የተሰቀሉ ናቸው፤ ራሳችሁ አትግለጡ፣ የሚገልጥ ሰው አለ።

ለ) አቀማመጡን እወቁ። ክብ ቤተክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፦ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐል መቅደስ። እናንተ የምታዩት የመቅደሱን የውጭ ግድግዳ ነው፤ ወደ ውስጥ ካህን እንጂ ማንም አይገባም። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በር መግባት ልማድ ነው፤ አስጎብኚው በሌላ በር ግቡ ካለ እሱን ስሙ።

ሐ) ከበሩ ጀምሩ። የመቅደሱ በር ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ታገኛላችሁ፣ በሩን የሚጠብቁ ናቸው። ከዚያ በአንድ አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ረድፍ በረድፍ እያነበባችሁ ዙሩ። እዚህም እዚያም የሚዘል ሰው ታሪኩን ያጣዋል።

መ) ዓይን ቁጠሩ። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለት ዓይናቸው የሚታይ ነው። ክፉዎች በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይህን ካወቃችሁ የማታውቁት ታሪክ ፊት እንኳ ብትቆሙ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ወዲያው ትለያላችሁ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህን ጨዋታ አድርጉላቸው፣ አይሰለቹም።

ሠ) እነዚህን ፈልጉ። ባለ ስድስት ክንፍ ሆነው በአንድ እግር የቆሙት ተክለ ሃይማኖት ናቸው፣ የተቆረጠው እግራቸው አጠገባቸው ይታያል። ሰውነታቸው ፀጉር የለበሰው፣ ግራና ቀኝ አንበሳና ነብር የከበቧቸው ገብረ መንፈስ ቅዱስ፤ እኛ አቦ የምንላቸው። በዘንዶ ተስበው ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጡት አቡነ አረጋዊ። ንጉሡና ዘማሪው ፊት ለፊት ቆመው፣ የንጉሡ ጦር የዘማሪውን እግር ወግቶ ሁለቱም ሳያውቁት ዜማው የቀጠለበት ሥዕል ደግሞ ቅዱስ ያሬድና አፄ ገብረ መስቀል ናቸው።

በላዔ ሰብእ ፊት ግን ቆም በሉ። ሰው ሲበላ፣ ለማኙ በድንግል ስም ውሃ ሲለምነው፣ ጥርኝ ውሃ ሲሰጠው፣ በመጨረሻም በፍርድ ሚዛን ላይ። ሚዛኑን በቅርብ ተመልከቱ። በአንዱ በኩል የበላቸው 78 ነፍሳት አሉ፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን በውሃው ላይ ስታሳርፍ ነው ሚዛኑ የሚያጋድለው፤ ሠዓሊው ያንን ጥላ እንዴት እንዳሳየው ፈልጉ።

ረ) አትንኩ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። በዳሰሳችሁት ቁጥር የእጅ ወዝ ቀለሙን ያነሳዋል፣ ጠርዙ የተላቀቀው ደግሞ ሲነኩት ይቀደዳል። የካሜራ ፍላሽ ክልክል ነው፤ ስልካችሁ በራሱ እንዳያበራ ከመግባታችሁ በፊት ፍላሹን አጥፉት። ባትሪ ማብራት ካስፈለጋችሁ አስፈቅዱ፣ ብርሃኑንም ሥዕሉ ላይ አታቆዩት።

ከወጣችሁ በኋላ ጉልላቱን ቀና ብላችሁ እዩ፣ የሰጎን እንቁላሎቹ እዚያ ናቸው። ዕቃ ቤቱ ከተከፈተ ዘውዶቹንና የብራና መጻሕፍቱን አባቶች ገልጠው ያሳያሉ። ገጽ ለመግለጥ እጃችሁን አትዘርጉ።

6. ስትመለሱ፦ ደብረ ማርያምና የዓባይ መውጫ

ከዝጌ 4 ሰዓት ከ45 ግድም ከተነሳችሁ ይደርሳል። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ አጠገብ ደብረ ማርያም ደሴት አለ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። መውጫው ላይ ጉማሬ ሊታይ ይችላል። ነጂውን «ትንሽ ጠጋ በል» እያላችሁ አትጎትጉቱት። ጉማሬ ሲጠልቅ የሄደ ይመስላል፣ የሚወጣው ግን ከየት እንደሆነ አታውቁም፤ ግልገል ያላት እናት ደግሞ ጀልባ ከመምታት አትመለስም። እምቦጭ የዘጋው ቦታ ካጋጠማችሁ ነጂው ይመለስ፤ አረሙ በሞተሩ መዘውር ላይ ከተጠመጠመ መቅዘፍ ነው የሚቀራችሁ።

7. ምሳ

6 ሰዓት ከ45 ላይ ከተማ ናችሁ። ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች አንዱ ግቡና ሳታዝዙ በፊት «ዛሬ የገባውን አሳዩን» በሉ። ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን የሚመለስ፣ ጆሮው ሥር ሲገለጥ ደማቅ ቀይ የሆነ ዓሣ ትኩስ ነው። ዓይኑ የሰረጎደና የደፈረሰ ካያችሁ ሌላ ቤት ሂዱ። ለሙሉ ጥብስ ቆሮሶ እዘዙ፣ አጥንቱ ትልቅና በቀላሉ የሚለይ ነው። ነጭ ዓሣ ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ቀጫጭን እሾህ ስላለው ለልጆች በጉላሽ ወይም በኮተሌት ይቅረብ። አምባዛ ቅባት አለው፣ ለሚወደው። ጥሬ ዓሣ ከቀረበላችሁ በትሕትና ተዉት፤ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፣ ሚጥሚጣና ሎሚ አይገድለውም።

8. ቅዱስ ጊዮርጊስ

8 ሰዓት ተኩል ላይ በእግር ሂዱ፣ ከሐይቁ ዳር ቅርብ ነው። ከተማው ራሱ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ይባል የነበረው በዚሁ ደብር ነው። በሥራ ቀን በጾም ወቅት ከመጣችሁ ግን ቅዳሴው ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ይህን ከገበያው ጋር አቀያይሩት።

ግቢው ውስጥ ባለ ሁለት ደርብ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አለ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ጋር፣ በተለይም ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር ስሙ ይነሳል። ብዙ ጎብኚ ሳያየው ነው የሚያልፈው፤ በር ላይ ያሉትን ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ደረጃውና ግንቡ ያረጀ ስለሆነ አትውጡበት። ግቢው ውስጥ የሚጸልይ ሰው ፎቶ አታንሱ።

9. ገበያው

ባጃጅ ይዛችሁ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ግቡ። የያዛችሁትን ቦርሳ ወደ ፊት አዙሩት፣ ስልክ ከኋላ ኪስ አውጡ። ከመግዛት በፊት አንድ ጊዜ ሙሉውን ዙሩ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡት ጎን ለጎን ስለሆኑ ዋጋውን ከሦስቱ ትሰማላችሁ። «እናቴ፣ የመጨረሻውን ይበሉኝ» ማለት ያስኬዳል። ዋጋ አስቀንሳችሁ፣ ሻጯ እሺ ካለች በኋላ ትታችሁ መሄድ ግን አይሆንም።

መሶብ ወይም ሙዳይ ስትመርጡ አራት ነገር ሞክሩ። መሬት ላይ አስቀምጡት፤ ከተንገዳገደ መሠረቱ ጠማማ ነው። ወደ ብርሃን አንስታችሁ በውስጥ በኩል እዩት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ስፌቱ የላላ ነው፣ ሲቆይ ይዛነፋል። ክዳኑን እያዞራችሁ ግጠሙት፣ በየትኛውም አቅጣጫ መግጠም አለበት። በመጨረሻ ጣታችሁን በውሃ ነክራችሁ ቀለሙን አሹት፤ ጣታችሁ ከቀላ እንጀራውም ይቀላል።

ጋቢ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፣ እድፍና ብልሽት የሚደበቀው እጥፋቱ ውስጥ ነው። አራት ድርብ መሆኑን ጠርዙ ላይ ቁጠሩ። ማጉን በቅርብ እዩ፦ የእጅ ፈትል ትንሽ ይወፍራል ትንሽ ይቀጥናል፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ማግ የፋብሪካ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን በእጅ ፈትል ዋጋ አትግዙት።

10. ቤዛዊት

ቤዛዊት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ባጃጁን ለደርሶ መልስ ተዋዋሉ፤ ማታ ኮረብታው ላይ የሚመለስ ባጃጅ ማግኘት ያስቸግራል። በመንገዳችሁ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ላይ ስትወጡ ከተማው፣ ሐይቁና ወደ ታች የሚጠመዘዘው ዓባይ በአንድ እይታ ይታያሉ፣ ፀሐይ ስትገባ ደግሞ ዋናው ሰዓት ነው። ቤተ መንግሥቱንና ጥበቃዎቹን ፎቶ አታንሱ። ድልድዩም ላይ ጥበቃ ካለ አስፈቅዱ። ድሮን ያለ ፈቃድ ከሻንጣችሁም አታውጡ፤ ይወረሳል።

11. ምሽት፦ የባህል ቤት

ጉልበት ከተረፋችሁ አዝማሪ ያለበት የባህል ቤት ግቡ። ከፊት አትቀመጡ፣ ማሲንቆው መጀመሪያ የሚመጣው ወደዚያ ነው፤ መሐል ሆናችሁ ወጉን እዩ። ተራችሁ ሲደርስ አዝማሪው ስማችሁን፣ አገራችሁን፣ አብሯችሁ ያለው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ነው ግጥሙን የሚያወጣው። ባለ ሁለት ትርጉም ስለሆነ ሳቁ ከዞረ በኋላ ቢገባችሁ አትደነቁ። ሲሸለም ብሩን ግንባሩ ላይ መለጠፍ ወይም በእጁ መስጠት ይቻላል። ባለ 50 እና ባለ 100 ብር በተናጠል ያዙ፤ ዝርዝር የሌለው ሰው ወይ ከሚገባው በላይ ይሰጣል፣ ወይ እጁን ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ይቀራል፣ ያኔ ግጥሙ በእሱ ላይ ይዞራል።

ደጋግመው የሚፈጠሩ ስሕተቶች

ገዳም ማብዛት። በአንድ ጠዋት አምስት ገዳም እናያለን የሚሉ ቡድኖች ከሦስተኛው በኋላ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሁለት ትልቅና አንድ ትንሽ ይበቃል።

ዕቃ ቀድሞ መግዛት። ዝጌ ላይ የተገዛ ትልቅ ሰፌድ ጀልባ ላይ ይረጥባል፣ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያስጨንቃል፣ ቤዛዊት ላይ ይነፍሳል። ከቡና በቀር ትልልቁን ለገበያው ተዉት።

ጀልባውን ማስጠበቅ። የተዋዋላችሁት ሰዓት ካለፈ ነጂው ተጨማሪ ይጠይቃል፣ እሱ ይሁን፤ ዋናው ጉዳይ እናንተ በዘገያችሁ መጠን ነፋሱ እየቀረበ መሆኑ ነው። ሐይቁ ላይ ነጭ አረፋ ካያችሁ ነጂው እንቆይ ሲል ቆዩ። እኔ ስብሰባ አለኝ ብሎ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም፤ ውሃውን የሚያውቀው እሱ ነው።

የባጃጅ ሰዓት አለመጠየቅ። የማታ እንቅስቃሴ ገደብ በሚኖርበት ጊዜ ባጃጅ ቶሎ ይቆማል። ጠዋት ከሆቴል ስትወጡ «ዛሬ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ተራ 10ንና ተራ 11ን በዚያ ልክ አሳጥሩ።

ግማሽ ቀን ብቻ ላላቸው

ጠዋቱ ነፃ ከሆነ፦ 1 ሰዓት ላይ ደብረ ማርያምና የዓባይ መውጫ በጀልባ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጊዮርጊስ (እሑድ ከሆነ ቅዳሴው መውጣቱን አረጋግጡ)፣ ከዚያ ገበያ። ከሰዓቱ ነፃ ከሆነ ጀልባውን ሙሉ በሙሉ ተዉት። ጊዮርጊስን፣ ገበያውንና ቤዛዊትን በዚሁ ቅደም ተከተል እዩ፤ በሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ ላይም አንድ ሰዓት ተንሸራሸሩ። ባጃጅ ከገበያው ወደ ቤዛዊት ስትይዙ የመመለሻውን ዋጋ አብራችሁ ተነጋገሩ፣ የሾፌሩንም ስልክ ቁጥር ተቀበሉ።